ማሊያ የሚያይ ፍርድ

ወጣት አንባቢ ሆይ! እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ፣ ዕድሜዬንም በጠመኔ ብናኝ ውስጥ ያሳለፍሁ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ እንጂ የኳስ ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በሰፈራችን ባለች አንዲት ሻይ ቤት የእንግሊዝ ጨዋታ በቴሌቪዥን ስለሚታይ፣ ቅዳሜና እሑድ ከወጣቶቹ ጋር እየተጋፋሁ እመለከታለሁ። አንድ ቀን ሁለት ወጣቶች፣ አንደኛው የሊቨርፑል ሁለተኛው የቸልሲ ማሊያ ለብሰው፣ ለድብድብ ጥቂት ሲቀራቸው ደረስሁ። ጠባቸው ስለ ሱዋሬዝና ስለ ጆን ቴሪ ነበር። ነገሩ በተፈጸመ ጊዜ ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ፤ ቂም ግን እንደ ርስት ይወረሳል። አንዱ «ለናንተው አራት፣ ለኛው ስምንት!» ይላል፤ ሌላው «የኛን ፍርድ ቤት ነጻ አውጥቶታል!» ይላል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ፣ የተሰደቡትን የሁለቱን ሰዎች ስም አንዳቸውም አላነሱም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 ሊቨርፑል ከማንችስተር ዩናይትድ ሲጫወት፣ የኡራጓዩ ሉዊስ ሱዋሬዝ ዳካር የተወለደውን ፈረንሳዊ ፓትሪስ ኤቭራን በቆዳው ቀለም ሰደበው ተብሎ ተከሰሰ። በስምንተኛው ቀን ደግሞ የቸልሲውና የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድኑ አምበል ጆን ቴሪ፣ የኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርሱን አንተን ፈርዲናንድን በዚያው ዓይነት ስድብ ሰደበው ተባለ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በሱዋሬዝ ላይ ያው ዓመት ሳያልቅ ፈረደ፤ ስምንት ጨዋታ ከለከለው፣ 40,000 ፓውንድም አስከፈለው። የቴሪ ጉዳይ ግን አስቀድሞ ወደ ወንጀል ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2012 ነጻ አወጣው። ከዚያም በኋላ ማኅበሩ በሴፕቴምበር አራት ጨዋታና 220,000 ፓውንድ ፈረደበት።

እንግዲህ ልዩነቱ ሁሉ አድልዎ ነው ማለት ቅንነት አይሆንም። የወንጀል ፍርድ ቤት ጥርጣሬ የማያስገባ ማስረጃ ካላገኘ ይለቃል፤ ማኅበሩ ግን ነገሩ ወደ የትኛው ወገን ያደላል ብሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ሰው በዚያ ተለቅቆ በዚህ ቢቀጣ የሚያስገርም አይደለም። ደግሞም ማኅበሩ የሾማቸው ዳኞች ሱዋሬዝ ቃሉን ሰባት ጊዜ ደጋግሞታል ብለዋል፤ ቴሪ የተቀጣው ግን ስለ አንድ ጊዜ ነው። እኔም አስተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ የተሳደበውንና ሰባት ጊዜ የተሳደበውን እኩል አልቀጣሁም። ይህ ሁሉ ያስኬዳል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ተመልከት።

በ2013 ማኅበሩ እንዲህ ላለው በደል ከአምስት ጨዋታ የማያንስ ቅጣት የሚያዝዝ ደንብ አወጣ። መልካም አደረገ። ዳሩ ግን በ2019 በርናርዶ ሲልቫ በጓደኛው በቤንጃሚን ሜንዲ ቆዳ ላይ ቀልዶ በጻፈው ጽሑፍ አንድ ጨዋታና 50,000 ፓውንድ ተቀጣ። በ2020 ኤዲንሰን ካቫኒ ለወዳጁ ባስተላለፈው የምስጋና መልእክት ውስጥ ባስገባው አንድ ቃል ሦስት ጨዋታና 100,000 ፓውንድ ተፈረደበት። በ2024 ሮድሪጎ ቤንታንኩር የገዛ አምበሉን ሶን ሁንግ-ሚንን በሚመለከት በቴሌቪዥን በተናገረው ቀልድ ሰባት ጨዋታ ታገደ። ሦስቱም ከሜዳ ውጭ የተነገሩ ናቸው። በቁጣ ፊት ለፊት የተወረወረ ስድብ አራት፣ ለወዳጅ የተጻፈ ምስጋና ሦስት፣ የቴሌቪዥን ቀልድ ሰባት! ይህ የፍርድ ቁጥር ነው ወይስ የሎተሪ? (የካቫኒ ነገር ለብቻው ያሳስበኛል። ቃሉ በአገሩ የፍቅር መጠሪያ ነው ብለው የኡራጓይ የቋንቋ ሊቃውንት ተቃውመዋል። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ ቃል በማን፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንደ ተነገረ ሳይጠየቅ አይፈረድም። ነገር ግን እኛም አገር የሚሳደብ ሁሉ ሲያዝ «በፍቅር ነው» ይላል።)

የአውሮፓው ማኅበር ዩኤፋ ደግሞ ከዚህ የባሰ አድርጓል። በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ የክሮኤሺያ ደጋፊዎች ጣሊያናዊውን ማሪዮ ባሎቴሊን በዘሩ ሲሰድቡት ዋሉ፤ የክሮኤሺያ ፌዴሬሽንም 80,000 ዩሮ ተቀጣ። በዚያው ውድድር የዴንማርኩ ኒክላስ ቤንትነር ጎል አግብቶ የአንድ አቋማሪ ድርጅት ስም ያለበትን የውስጥ ሱሪ ስላሳየ 100,000 ዩሮና አንድ ጨዋታ ተቀጣ። የሰው ልጅ ክብር ከውስጥ ሱሪ ማስታወቂያ በ20,000 ዩሮ ረከሰ ማለት ነው።

ኋላ ዩኤፋ አሥር ጨዋታን ዝቅተኛ ቅጣት አደረገ። በማርች 2021 የስላቪያ ፕራጉ ኦንድሬ ኩዴላ አፉን በእጁ ሸፍኖ በሬንጀርሱ ተጫዋች በግሌን ካማራ ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾከ፤ ዘርን የሚነካ ቃል አልተናገርሁም ቢልም አሥር ጨዋታ ታገደ። በማርች 2024 ግን በጣሊያን የኢንተሩ ፍራንቼስኮ አቸርቢ የናፖሊውን ብራዚላዊ ዡዋን ዤሱስን በዘሩ ሰደበው ተብሎ ሲከሰስ፣ ዳኛው ማስረጃ አይበቃም ብሎ ያለ ምንም ቅጣት ለቀቀው። ያልተረጋገጠበት ሰው መለቀቁን አልነቅፍም፤ ነገ ሐሰተኛ ክስ በእኔም በአንተም ላይ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን በዚያ አሥር ሆነ፣ በዚህ ዜሮ ሆነ። ከሁለት የአንዱ ምክንያት በግልጽ ተዘርዝሮ ካልተነገረው፣ ሰው ምክንያቱን ከማሊያው ይፈልገዋል።

ደጋፊውና ክለቡስ ምን ያደርጋሉ? በ2011 የሊቨርፑል ተጫዋቾች ሱዋሬዝ በተቀጣ ማግሥት የእርሱ ምስል ያለበትን ካናቴራ ለብሰው ወደ ሜዳ ወጡ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል፤ ሱዋሬዝም በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ከኤቭራ ጋር ሲገናኝ እጁን አልጨብጥም አለ። ኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ያን ቀን ግን ያደፈረው የራሱ ልብ ብቻ አልነበረም፤ ካናቴራውን የለበሱለት ሁሉ አብረው አሉበት።

ይህን ሁሉ ስለ ባዕዳን መናገር ቀላል ነው። አሁን ስለ ራሴ ልናገር።

በ1978 ዓ.ም. በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ሳስተምር፣ የትምህርት ቤቱ የኳስ ቡድን ኃላፊ ነበርሁ። በረኛችን ከምዕራብ ጠረፍ የመጣ፣ ቆዳው ከሁላችንም የጠቆረ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ጎል ሲገባበት፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ «ባሪያ!» ብሎ ሰደበው። እኔም እንደ ዘመኑ ልማድ በሰልፍ ፊት አንበርክኬ ገረፍሁት፤ ለዓመቱም ከቡድኑ አስወጣሁት። መምህራኑ አመሰገኑኝ፤ እኔም ራሴን አመሰገንሁ።

ወር ሳይሞላ ያንኑ ቃል፣ ለዚያው በረኛ፣ ዋናው አጥቂያችን ወረወረው። ለአውራጃው ዋንጫ አሥር ቀን ቀርቶን ነበር። አጥቂውን ለብቻው ጠርቼ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» አልሁት፤ በረኛውን ደግሞ «ከልቡ አይደለም፣ ወንድማማች ናችሁ» ብዬ አስጨበጥኋቸው። ዋንጫውን በላን።

ያ የተገረፈው ልጅ ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የኔ አፍና የሱ አፍ ይለያያል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ ስላልነበረኝ ጮኼበት አባረርሁት። ልጁ ጥፋተኛ ነበር፤ የእኔ ማዳላት የእርሱን ስድብ አያጥበውም። ነገር ግን አጥቂውን በለቀቅሁ ጊዜ፣ ያን በትክክል የሰጠሁትን የመጀመሪያውን ቅጣት ራሱን ሻርሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ዘንድ፣ ልጁ የተገረፈው ስለ ተሳደበ ሳይሆን ስለ ደኸየ ሆነ። በረኛው ግን ምንም አልጠየቀኝም። ሰኞ ጠዋት ማሊያውን አጥቦና አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ሄደ፤ ዳግመኛም ሜዳ ላይ አላየሁትም።

ስለዚህ «ያኛው በአራት ካለፈ የኛው ለምን ስምንት» የሚል ክርክር ስሰማ ጆሮዬን ያመኛል። ቅጣቱ ካነሰ ያነሰው ይነሣ ማለት እንጂ፣ የበዛው ይቀነስ ማለት የተሰደበውን ሰው ሁለተኛ መበደል ነው። ማኅበራቱም ቅጣቱን ጥፋተኛው ከመታወቁ በፊት ይወስኑ፤ ለአምበልና ለባዕድ፣ ለዋንጫ ሳምንትና ለተራ ሳምንት አንድ ይሁን፤ ከዚያ የሚወጡበትም ጊዜ ምክንያቱን ጽፈው ለሕዝብ ያውጡ። ክሱም እንደ ቴሪ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አይንጠልጠል።

ያን ማታ በሻይ ቤቱ ሁለቱን ወጣቶች አስታርቄ፣ የኩዴላን ነገር ስሙንም ክለቡንም ደብቄ ነገርኋቸው። «አንድ ተጫዋች አፉን ሸፍኖ በሌላው ጆሮ ክፉ ቃል አንሾካሾከ ተብሎ ተከሰሰ፤ እናንተ ዳኞች ብትሆኑ ስንት ጨዋታ ትቀጡታላችሁ?» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተያዩ። ከዚያም የሊቨርፑሉ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ የየትኛው ክለብ ተጫዋች እንደ ሆነ ይንገሩን» አለኝ።