ኢንዶሚ እራት ይሆናል?



ደማምና ኾበር ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ማታ ምን ትበላለች ቢባል፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ ኢንዶሚ። የቤተሰቡ ከብሳ ተበልቶ፣ ሰሃን ታጥቦ፣ ወለል ተወልውሎ ሲያበቃ ሌሊቱ ገፍቷል። እንጀራ የለም። ወጥ ለመሥራትም ጉልበት የለም። ውሃ ይፈላል፣ ፓኬቱ ይቀደዳል፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እራት ተበላ ይባላል። በነጋታውም እንደዚያው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንደኛው «ኢንዶሚ መርዝ ነው፣ አትንኩት» የሚል ነው። እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በሰው ወጥ ቤት ሌሊት ቆመው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ «ሆዴ ከሞላ ምን ቸገረኝ፤ እኔ የመጣሁት ለመብላት አይደለም፣ ሪያሉን ለቤተሰብ ልላክ» የሚለው የራሳችን ንግግር ነው። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ኑድሉን መጣል አያስፈልግም፤ አሠራሩን ግን መማር አለብን። አብረውን በዚህ አገር የሚሠሩት የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ሴቶች ኑድልን አትክልት ጨምረው፣ ቅመም አስተካክለው እንደ ሙሉ ምግብ ይሠሩታል። እኛ ግን እንደ ክኒን ውጠነው እንተኛለን።

ይህ ምግብ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ፓስታ ከጣሊያን መጥቶ በበርበሬ ስጎ የእኛው ሆኖ የለም ወይ? በጾም ቀን ፓስታ በስጎ ያልበላ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። ኑድልም የፓስታ ዘመድ ነው። ፈጥኖ የሚበስለውን ኑድል ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው ሞሞፉኩ አንዶ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1958፣ አገሩም ጃፓን። ኢንዶሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ኢንዶኔዥያ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ሳዑዲ ውስጥም ይመረታል፤ ልጆቹ ከእናታቸው ምግብ አስበልጠው የሚጠይቁትም ለዚህ ይሆናል።

ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅበት ምክንያት አለው። ሊጡ ተቆርጦ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ በዘይት ተጠብሶ ይደርቃል። ስለዚህ ፓኬቱን ስንከፍት የምናገኘው አንድ ጊዜ የበሰለና ዘይት የጠጣ የስንዴ ዱቄት ነው። ሆድ ይሞላል፤ ሰውነት የሚጠግን ነገር ግን ጥቂት ነው ያለው። ትልቁ ጣጣ ያለው በትንሿ የቅመም ከረጢት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አንዲት ከረጢት ብቻዋን የዚህን ግማሽ የሚጠጋ ልትይዝ ትችላለች። ቀኑን ሙሉ በእግሯ ቆማ ለምትውል፣ ውሃ እንኳ በአግባቡ ለማትጠጣ ሴት ይህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በደቡብ ኮሪያ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናትም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ እንዲህ ያለ ኑድል የሚበሉ ሴቶች ለልብ ሕመምና ለስኳር የሚያጋልጡ ምልክቶች በብዛት እንደሚታዩባቸው አሳይቷል። በወንዶቹ ላይ እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየም። ጥናቱ ምክንያቱ ኑድሉ ብቻ ነው አላለም፤ እኛ ግን በሳምንት ሁለቴ ሳይሆን ሰባቴ ነው የምንበላው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እጃችን ላይ ያለው ፓኬት ከሆነ፣ ከቅመሙ ግማሹን ብቻ እንጨምር፤ ሌላው ይጣል። ኑድሉ ሲፈላ ጥቅል ጎመንና ካሮት በስሱ ከትፎ እዚያው ውስጥ መጨመር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በፍስክ ቀን እንቁላል ይመታበታል። በጾም ቀን ቀን የተቀቀለ ምስር ወይም የቆርቆሮ ሽምብራ ይገባበታል፤ ሽምብራ የሌለበት የዓረብ ቤት መቼም የለም። ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ ካለ ደግሞ ያ የፓኬት ቅመም ጭራሹን አያስፈልግም።

ከፓኬት የሚሻለው ግን የፊሊፒንሶቹ ፓንሲት ነው። ስሙ ራሱ ከቻይናዎች የተወሰደ ሲሆን ቶሎ የሚደርስ ምግብ እንደ ማለት ነው። በልደት ቀን ረጅም ዕድሜ ይሁን ብለው ያቀርቡታል። ዓይነቱ ብዙ ነው። «ካንቶን» የሚሉት ከስንዴ የሚሠራ ሆኖ ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባበታል። «ቢሆን» የሚሉት ደግሞ (የእኛን «ቢሆን» አይደለም) እንደ ክር የቀጠነ የሩዝ ኑድል ነው። ለጾመኛ የሚስማማው ይህ ነው። ደማም ሴይኮ አካባቢና ኾበር መሃል ከተማ የፊሊፒንስ ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ እንደ ሉሉ ባሉ ትልልቅ መደብሮችም አይጠፋም። መውጣት የማይፈቀድላት እህት ለቤቱ አስቤዛ ሲገዛ እንዲጨመርላት ትጠይቅ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኑድሉን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በጥቂት ዘይት ማቁላላት፤ ይህን መቼም ማንም አያስተምረንም። ካሮት፣ ፎሶሊያና ጥቅል ጎመን ጨምሮ ሳይልም ማገላበጥ። ሁለት ማንኪያ ሶያ ሶስና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጨምሮ ሲፈላ፣ ኑድሉን ከዘፈዘፍንበት ውሃ አውጥቶ እላዩ ላይ መጨመር። ውሃውን መጥጦ እስኪጨርስ ማማሰል። ሎሚ ተጨምቆበት ይበላል። ጨው አይጨመርበትም፤ ሶያ ሶሱ ራሱ ጨው ነው። ሐሙስ ማታ ከተሠራ ዓርብ ምሳም ይሆናል። እኔ እንዲያውም ሲያድር ይጣፍጠኛል፤ ፊሊፒንሶቹ በዚህ ባይስማሙም።

ጾመኞች አንድ ነገር ልብ በሉ። እህቶቻችን ሲጋብዙን ሥጋ የለበትም ማለታቸው የጾም ነው ማለት አይደለም። «ፓቲስ» የሚባለው ፈሳሽ ከዓሣ የሚወጣ ነው፤ ኦይስተር ሶስም ከባሕር እንስሳ ነው። የኢንዶኔዥያዎቹ «ሳምባል» የእኛን ዳጣ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ የተፈጨ የባሕር ሽሪምፕ አለበት። አስቀድሞ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። የኢንዶሚው ፓኬትም ላይ «ደጃጅ» የሚል ካለ የዶሮ ጣዕም ነው፤ «ኹዳር» የሚለው የአትክልት ነው። እሱም ቢሆን ከጀርባው የተጻፈውን የምታነብ ልጅ ቤት ውስጥ ካለች ታንብብላችሁ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉኝ አይጠፉም። ተረቱ ስለ ወርቅ ነው እንጂ ስለ ድስት አልተነገረም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንዳንድ እህቶች ኢንዶሚ የሚበሉት ወደውት አይደለም። የሚሰጣቸው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ይህ የአሠሪ ቸርነት ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ለሠራተኛው ማደሪያና ምግብ እንዲያቀርብ ያዛል፤ በሳምንት የአንድ ቀን ዕረፍትም አለበት። በየሌሊቱ አንድ ፓኬት ወርውሮ ምግብ አቀረብኩ ማለት አይቻልም። ምግባችሁን ከደመወዛችሁ እየገዛችሁ ከሆነም ውላችሁ ምን እንደሚል እዩ፤ ሙሳነድ ላይ የተመዘገበውን ቅጂ ያዙ።

አጠያየቁን ከነቢዩ ዳንኤል እንማር። እሱም በሰው አገር፣ በሰው ቤት የነበረ ወጣት ነው። የንጉሡን ማዕድ አልፈልግም ብሎ አልጮኸም፤ ዝም ብሎም አልተራበም። ኃላፊውን ለምኖ ለአሥር ቀን ብቻ ጥራጥሬና ውሃ ስጠንና ፊታችንን አይተህ ፍረድ አለ። «ማማ፣ ለአሥር ቀን እኔ ለራሴ አትክልት ልሥራ፤ ሥራዬ ከጎደለ ትናገሪኛለሽ» ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም። ብዙዎቹ አሠሪዎች እንዲህ ሲጠየቁ እሺ ይላሉ፤ እነሱም ስለ ጾም ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው የጀመሩት። ያን ሰሞን ማዕድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጾም ጎን ለጎን ነበር።

ተጠይቃ እምቢ የምትል፣ ምግብም የምትከለክል አሠሪ ከገጠመች ግን የኑድል አሠራር መፍትሔ አይሆንም። ያላመጣችሁን ኤጀንሲ አስታውቁ፤ ካልሰማ ሪያድ ላለው ኤምባሲያችን ይነገር። ቢያንስ ለአንዲት የምታምኗት እህት ሳትነግሩ አትቆዩ።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል። የሩዙ ኑድል ሳይከፈት ለወራት ስለማይበላሽ፣ ሱቅ የምትደርስ እህት ለማትደርሰውም ጨምራ ትግዛ።