ቡናን እንደ ወይን ጠጅ መቅመስ

አንባቢ ሆይ፤ ሪዝሊንግ ከሚባለው የጀርመን ወይን የሚጠመቀው ነጭ ጠጅ ጣፋጭነት ባይኖረውም፥ ኮምጣጣነቱ ስለሚጠብቀው በጠርሙስ ሲቆይ መዓዛው ይጠልቃል። አዋቂዎች አስቀድመው ያሸቱታል፤ ከዚያም ጥቂት ተጎንጭተው በአፋቸው ያንሸራሽሩታል።

ይህን ማንሳቴ በጌዴኦ ስለሚገኘው ስለ ሬኮ ቡና ለመናገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጌዴኦ ምድር፥ ቡና በዛፍና በእንሰት ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይበስላል። ታጥቦ ሲደርቅም የሎሚ ቃናና የአበባ ሽታ ይኖረዋል። ነገር ግን ጠጁ በዕድሜው ሲከብር፥ የተቆላ ቡና በጥቂት ሳምንት መዓዛው ይጠፋል።

እንግዲህ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከመጨመርዎ በፊት፥ ትኩሱን ቡና አንድ ጊዜ ያለ ምንም ይቅመሱት። ቀይ ቀዩን ፍሬ እየመረጠ የለቀመው ገበሬ ድካም በዚያ ቃና ውስጥ አለና፤ ቃናውን ያልለየ ሰው ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ ሊሰጥ አይችልም።