ዓድዋን በፖሊስተር?

የካቲት 23 በተቃረበ ቁጥር ሱቁ ሁሉ «ታሪካዊ ልብስ» ይሞላል። ጥለቱ የታተመ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በላብ የሚያጠምቅ ፖሊስተር! የ1888ቱ ዘማች ይህን ለብሶ ቢሆን ወረኢሉ ሳይደርስ ባለቀ ነበር። ፖሊስተር እኮ ከዓድዋ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተፈጠረ ነገር ነው።

እጀ ጠባቡን ቤታችን እንስፋ ያልነው እኛ ደግሞ ጨርቅ ፍለጋ እንንከራተታለን። «ጥጥ ነው?» ስንል መልሱ «አንደኛ ነው» ነው። አንደኛ ምን?

ሁሉ ነገር በእጅ ይፈተል ማለታችን አይደለም። በዚያ ዘመንም አቡጀዲ ከአሜሪካ በመርከብ እየመጣ ይለበስ ነበር፤ የመኳንንቱ የከፋይ ካባም ጨርቁ የባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ለሱሪና ለእጀ ጠባብ ያልነጣ አቡጀዲ ካገኘን ሌላ አንፈልግም። ኩታው ግን ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው ዘንድ ነው። ዛሬ ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ ፈትል ከሆነ ይበቃናል። (ሸማኔውን ዋጋ ቀንስ እያልን የምናስጨንቅ ሰዎች፣ ለታተመው ያለ ክርክር መክፈላችን አይገርምም?)

ነጋዴዎች ሆይ፣ ጨርቁ ምን እንደሆነ ጻፉበት! እስከዚያው እኛ ከጫፉ አንድ ክር መዝዘን ክብሪት እንለኩስበታለን። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል። ክር አላስመዝዝም ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።