«እማዬና እህቴ በልጁ ትምህርት ተኳርፈው እኔ መሃል ቤት ልፈነዳ ነው!»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የፍቅር አይደለም። ቢሆንም እናትና ልጅ አኳርፏልና ሳልውል ሳላድር ላቀርበው ወደድኩ። እነሆ፦

«ዕድሜዬ 24 ሲሆን ጉለሌ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ታላቅ እህቴ ባለትዳር ነች፤ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ዘንድሮ ከባሏ ጋር ተመካክረው ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጡትና እቤት ራሳቸው ያስተምሩት ጀመር። እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ‹ተቸግረው ነው እንጂ ሰው በደህናው ጊዜ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣል?› ትላለች። አክስቴ ደግሞ ‹ፖሊስ መጥቶ ልጁን ይነጥቃቸዋል› ብላ ጨርሳ አስፈራራቻት። ባለፈው እህቴ ስትደውል እማዬ ‹እንጀራ ሸጬ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?› ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ይኸው ከተነጋገሩ ሁለት ወር ሆናቸው። እህቴ ‹አስረጂልኝ› ትለኛለች፣ እማዬ ‹ገስጪልኝ› ትለኛለች። መላ በሉኝ!

ግራ የገባት፣ ከጉለሌ»

የኔ እህት፣ አይዞሽ። መጀመሪያ የአክስትሽን ፖሊስ እናሰናብት። ልጅን እቤት ማስተማር እዚያ አገር በድብቅ የሚሠራ ነገር አይደለም። ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ50ውም የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ እቤት ማስተማር የፈለገ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15፣ በኛ ነሐሴ 9 ድረስ፣ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቃል። የሚያስተምራቸውን ትምህርቶች ዝርዝርም ይሰጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በግምገማ ያሳያል። ካላሳየ ለማስተካከያ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ ያም ካልሆነ እቤት ማስተማሩ ይቆማል። ስለዚህ ጠያቂ አለ ማለት ነው። (ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎች ግን ይህን አይታችሁ እንዳትጀምሩ! እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው።)

«ተቸግረው ነው» የሚለውም አያስኬድም። እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ነው። እንዲያውም ለመጽሐፉና ለፈተናው ከኪሳቸው የሚያወጡት እቤት የሚያስተምሩት ናቸው። ወላጅ ለማስተማር የግድ መምህር መሆን አለበት ወይ ካልሽኝ፣ የቨርጂኒያ ሕግ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወላጅ ይበቃል ይላል። በዚህ አያያዝ እኔም እዚያ ብሆንና ብወልድ አስተማሪ ነኝ ማለት ነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን ሁሉ ለእናትሽ ብታነቢላቸው ቁጣቸው የሚበርድ ይመስልሻል? አይመስለኝም። እስቲ ያሉትን ቃል ተመልሰሽ አንብቢው፤ «እንጀራ ሸጬ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» ነው ያሉት። እናትሽ ስለ ሕግ አልጠየቁም። እሳቸው ጭስ እየጠጡ የከፈሉበትን ትምህርት ቤት ልጃቸው «አያስፈልገኝም» ያለች መሰላቸው። የኔ እናት የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን በፕላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ቀድጄ ብጥለው ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። የእናትሽ ሐዘን ይሄው ነው።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መልእክተኛነቱን ተይው። ለእህትሽ «ራስሽ ደውይላት» በያት። ስትደውልም ክርክር አትጀምር። «እማዬ፣ ዛሬ ልጄን ማስተማር የቻልኩት አንቺ ስላስተማርሽኝ ነው» ብላ ትጀምር። እውነትም ነው። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይባልባት የሕጉን ነገር እናትየው ሲጠይቁ ብቻ ትመልስ።

ሁለተኛ፣ ልጁ ራሱ ይናገር። ሳምንት በሳምንት ለአያቱ ይደውልና የተማረውን ያንብብላቸው። አያት መቶ ማብራሪያ ከምትሰማ የልጅ ልጇ አንድ ገጽ ሲያነብ ብትሰማ ይሻላታል።

ሦስተኛ፣ እናትሽም አስተማሪ ይሁኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ተረት ይንገሩት፣ አማርኛውን ያርሙት። እንዲህ ሲሆን ከዳር ቆሞ መተቸት ይቀራል። ልጁም ቢሆን ይህን ትምህርት እዚያ አገር ገዝቶ አያገኘውም።

ለእህትሽ ደግሞ አንድ የምላት አለኝ። የቤተሰብ ሥጋት ሁሉ አላዋቂነት አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች እቤት ሲውሉ ምን እንደሆኑ እናቶቻችን አይተዋል። ጓደኛ ናፍቋቸው፣ ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ነበር። አዎ፣ ያ ድንገት የመጣ ነው፤ የእህትሽ ግን ታስቦበት ነው። ቢሆንም ልጁ ከማን ጋር ነው የሚጫወተው? ኳስ የት ይራገጣል? እሷስ ሥራ ውላ ገብታ በየትኛው ጉልበቷ ታስተምራለች? እነዚህን እናትየው ቢጠይቁ መቆጣት የለባትም፤ ትመልስ። መልስ ከሌላት ታስብበት። «ይህን ዓመት እንሞክረው፣ ውጤቱን አይተን ካልሆነ እንመልሰዋለን» ብትልም ክብሯ አይቀንስም። እንዲያውም እናትሽ የሚተኙት ያን ጊዜ ነው።

ልጁ የትም ቢማር ይማራል። አያቱን ግን በስልክ ካልሆነ አያገኛቸውም፤ እሱንም ሁለት ወር ዘግታችሁበታል። በሉ ዛሬውኑ ደውሉ!

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።