ስለ «ማቀዝቀዣ»፤ አማርኛ ድኻ ነው ለሚሉ የተሰጠ መልስ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በየሱቁ በራፍ «ፍሪጅ» የሚል ቃል ተጽፎ እናያለን። «ማቀዝቀዣ» ያለ ሰው ቢገኝ ግን ከተማሩት አንዳንዶቹ ይሥቁበታል፤ «ቃሉ ረዥም ነው፤ ዕቃው የፈረንጅ ነውና ስሙም የፈረንጅ ይሁን፤ አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር ድኻ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሰዋስውን ካለመመርመር የመጣ ስሕተት ነው።

ግሱ «ቀዘቀዘ» ነው፤ በአድራጊ «አቀዘቀዘ» ይሆናል። በፊቱ «መ» ሲገባ ከ«አ» ጋራ ተወራርሶ «ማ» ይሆናል፤ መድረሻው «ዘ» ወደ «ዣ» ይለወጣል፤ መሣሪያውም «ማቀዝቀዣ» ይባላል። ይህ ሥርዐት ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ከጠበሰ መጥበሻ፣ ከከደነ መክደኛ፣ ከወቀጠ ሙቀጫ ብለው ያወጡ ፊደል ያልቈጠሩ እናቶቻችን ናቸው። በመነሻ የሚጨመረውን ፊደል ሊቃውንት «ባዕድ» ይሉታል፤ በእኛ ቤት ባዕዱ እንኳ ለግሱ ይታዘዛል።

«ፍሪጅ»ስ ምንድር ነው? «ሬፍሪጀሬተር» ከሚለው የእንግሊዝ ቃል ተቈርጦ የቀረ ነው፤ ያም «ፍሪጉስ» ከሚለው ከላቲን ይወጣል፤ ትርጓሜውም ብርድ ነው። እንግዲህ እነርሱም ያደረጉት እኛ ያደረግነውን ነው፤ ከብርድ ግስ፣ ከግስም የመሣሪያ ስም አወጡ። አብዛኛው አገራቸው እስከ 1915 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት ሥር የኖረ የአየርላንድ ሰዎችም፣ ውርጭን «ኩሽኔ» ይሉታልና፣ ሠሪን የሚያመለክት መድረሻ ጨምረው ይህንኑ ዕቃ በገዛ ቋንቋቸው «ኩሽኞር» አሉት። ለእንግሊዝ ጎረቤት የሆኑት ያላፈሩበትን እኛ ስለ ምን እናፍርበታለን?

«መኪናን፣ ጋዜጣን ተቀብለን የለምን?» የሚል ቢኖር፣ በእውነት ተቀብለናል፤ የራስ ቃል በታጣበት መዋስ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሥር የሌለው ቃል ይባዝናል። ጣልያኖች «ፎርኖ» የሚሉት ዳቦ የሚጋገርበትን ምድጃ ነው፤ በእኛ አገር ግን «ፉርኖ» ተብሎ ስሙ ከምድጃው ወጥቶ የዳቦው ሆነ። «ማቀዝቀዣ» ትርጓሜውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ዕቃውን ከቶ ያላየ የገጠር ሰው እንኳ ሥራውን ከስሙ ያውቃል። «ፍሪጅ» ያልነው እንደ ሆነ ግን ልጅ ለአያቱ አስተርጓሚ ሊሆን ነው።

ስለዚህ ዕቃውን በገንዘባችን እንግዛ፤ ስሙን ግን በቤታችን ሳለ ከጎረቤት አንዋስ።