ለቶርኖ የሚሆን አንድ ክፍል

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። ቶርኖ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴም የገቡት ከዚያው ቋንቋ ነው። ብረት ሥራ ቤት የገባ ሰው ሳያስበው ግማሹን በጣሊያንኛ ይነጋገራል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ከቤቶቹ ጋር ጓሮውም ሄደ። ብየዳ የሚሞክር ወጣት ወይም የበሩን ማጠፊያ ራሱ የሚጠግን ጡረተኛ ሞርሳውን የሚያስረው ጓሮ ላይ ነው። ፎቅ ቤት ውስጥ ግራይንደር ማስጮህ አይቻልም፤ የሚቆጣው ጎረቤትም እውነቱን ነው።

ስለዚህ በአዲስ መልክ በሚሠራው ካዛንቺስም ሆነ በቀረው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ለሜዳና ለቤተ መጻሕፍት ቦታ ሲታሰብ ለብረት ሥራም አንድ የጋራ ክፍል ሊታሰብ ይገባል።

ቶርኖን፣ ብረት እያሽከረከረ የሚልገውን ማሽን፣ ለምሳሌ እንውሰድ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቶርኖ በቤት መብራት፣ በ220 ቮልት ትሠራለች። ግን ቀላል ስለሆነች ስህተት አትሸከምም። ቢላዋዋ ከሚላገው ዘንግ መሀል ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ትንቀጠቀጣለች፣ የተላገውም ፊት ይሻክራል። መላው ቀላል ነው፦ ማሽኗ ቆማ ሳለ ቀጭን የብረት ማስመሪያ በዘንጉና በቢላዋው ጫፍ መካከል ቀስ ተደርጎ ይያዛል። ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ከቆመ ልኩ ተገኝቷል። አናቱ ወደ ሠራተኛው ካዘነበለ ቢላዋው ዝቅ ብሏል፤ ወደ ማዶ ከጋደለ ከፍ ብሏል። ፍጥነቱም ልክ አለው። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ለስላሳ ብረት በሃይ ስፒድ ስቲል ቢላዋ በደቂቃ 400 ዙር ያህል ይበቃል፤ ለ10 ሚሊ ሜትር እጥፉ።

ይህን ብቻውን የሚማር ልጅ ብዙ ብረት ያበላሻል። ከዚያ የሚብሰው ግን አደጋው ነው። ዘንጉን በሚጨብጠው ቻክ ላይ ቁልፉ እንደተሰካ ተረስቶ ሞተሩ ከተነሳ እንደ ጥይት ይወረወራል። ጓንት፣ ነጠላና ሰፊ እጅጌ የሚሽከረከረው ዘንግ ይጠመጥማቸዋል። «አውልቅ!» የሚል ባለሙያ አጠገብ መኖር አለበት፤ ለጋራ ክፍሉ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው።

ከትንሽ ብረት ሥራ ቤት ምን እንደሚወጣ «ላቀች» ምስክር ናት። ከኬንያው ጂኮ ሐሳብ የተወሰደችው፣ ውጪዋ ቆርቆሮ ውስጧ ሸክላ የሆነችው ምድጃ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተሰራጨችው በአነስተኛ ብረት ሠራተኞች እጅ ነው። ለጀማሪም ጥሩ መለማመጃ ትሆናለች፤ መለካት፣ መቁረጥ፣ ማጠፍና መበሳት ሁሉም አለባት።

ክፍሉ እስኪገኝ ተግባረ ዕድን የመሰሉ ኮሌጆች ወርክሾፓቸውን ቅዳሜ ከሰዓት ለሰፈር ሰው ቢከፍቱ ጅምር ይሆናል። ክፍሉ ራሱ ብዙ አይጠይቅም፦ ምድር ቤት፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ኧርዝ ያለው የመብራት መስመር፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የብየዳ ጭስ የሚያስወጣ ሰፊ መስኮት፣ አንድ ሞርሳና ሰዓቱን አክብሮ በሩን የሚከፍት ባለሙያ።