ብርድ የማይገድለው ወርቃማ ዛፍ በመርካቶ ግቢ ይበቅላልን?

በዚህ ሳምንት የምንጨዋወተው ስለ አንድ ዛፍ ነው። «ወጥና የልጆች አስተዳደግ ትተሽ ደግሞ ወደ ዛፍ ገባሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ግን ከቤት ወጪና ከልጆች ምኞት ጋር የተያያዘ ነውና እስከ መጨረሻው ተከታተሉኝ።

ጉዳዩን ያነሡልኝ በመርካቶ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ እየሸጡ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ናቸው። ካናዳ የምትኖር ታናሽ እኅታቸው ፎቶግራፍ ልካላቸዋለች። በፎቶግራፉ ላይ አንድ ዛፍ በበረዶ መካከል ቆሟል፤ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ሳይሆን እንደ ወርቅ የሚያበራ ቢጫ ነው። የመጨረሻዋ ልጅ ፎቶግራፉን ከአልጋዋ ራስጌ ለጥፋ፣ «እማዬ፣ ለገና እንዲህ ያለ እንትከል» እያለች እረፍት ነሥታቸዋለች። አክስትየዋ በመጪው ጉዞዋ ችግኙን በሻንጣ ይዛ ልትመጣ ቃል ገብታለች። እናትየው ደግሞ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ ካሰቡት የእቁብ ገንዘብ ላይ ቀንሰው ትልቅ የሸክላ ማስቀመጫና አፈር ሊገዙ ተሰናድተዋል። «በበረዶ ውስጥ የኖረ ዛፍ የእኛን የኅዳር ብርድ ይፈራል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን በመጀመሪያ ዛፉን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዛፉ ስፕሩስ ይባላል። ለዓይን ከጥድ ጋር ቢመሳሰልም ከሐበሻ ጥዳችን ጋር አንድ ቤተሰብ አይደለም፤ አገሩም የሰሜኑ ብርዳማ ምድር ነው። አብዛኛው አረንጓዴ ሲሆን፣ ቅጠሉ ወርቃማ የሆነው አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ነው። ከቱርክ ሰሜን ምሥራቅና ከካውካሰስ ተራሮች ከመጣው የስፕሩስ ዘር የተገኘና ለጌጥ የሚተከል ወርቃማ ዓይነት አለ። ይኸው ዓይነት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የደረሰ ብርድ ይቋቋማል። በካናዳ ሃይዳ ግዋይ በተባሉት ደሴቶች ላይም ሃይዳ የተባሉት የአገሩ ሰዎች እንደ ክቡር ነገር የሚያዩት ከ300 ዓመት በላይ የቆየ አንድ ወርቃማ ስፕሩስ ነበር። በጥር ወር 1989 ዓ.ም. አንድ ሰው በመጋዝ ቆርጦ ስለጣለው ብዙ ሕዝብ አዝኖበታል።

ታዲያ ይህ ዛፍ ያን ሁሉ ብርድ እንዴት ይችለዋል? ምሥጢሩ ዝግጅት ነው። በእነዚያ አገሮች በጋው ሲያልፍ ቀኑ ያጥራል፤ ቅዝቃዜውም ቀስ በቀስ ይጨምራል። ዛፉም ይህን ሲያይ እድገቱን ያቆማል፤ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ በስኳር ያጎለብታል። ውኃ ብርድ ሲመታው ቶሎ ወደ በረዶ ይለወጣል፤ ማር ግን እንደዚያ አይደለም። የዛፉም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ በኋላ ለወራት ይተኛል። ከእንቅልፉ በደንብ ነቅቶ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣውም ያ ረጅም ብርድ ሲጠግበው ነው።

እንግዲህ የመርካቶው ችግር እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ሰፈር ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ይሁን እንጂ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ብርዱ ይጠፋል፤ ከቀትር በኋላማ ነጠላ ያስወልቃል። በአገራችን የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠውም በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዛፉ የመኝታ ሰዓቱ መድረሱን የሚነግረው የለም፤ ቢተኛም በቂ ብርድ አያገኝም። ስለዚህ የእኅታችን ጥያቄ መልሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዛፉ የእኛን ብርድ አይፈራም፣ የእኛ ብርድ ያንሰዋል። በዚያ ላይ ወርቃማው ቅጠል አረንጓዴ ቀለሙ አነስተኛ ስለሆነ ለጋ ሳለ በጠንካራ ፀሐይ ይቃጠላል፤ የደጋችን ፀሐይ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያቃጥል የምታውቁት ነው።

«ችግኙ ቢቀር ዘሩን ትላክልኝ» የሚል ሌላ ሐሳብም ነበራቸው። ወርቃማው መልክ ግን በዘር በአስተማማኝ ሁኔታ አይተላለፍም። አትክልተኞች የሚያራቡት ቅርንጫፉን ቆርጠው በሌላ ስፕሩስ ግንድ ላይ በማጣበቅ ነው።

የሻንጣውም ነገር ቀላል አይደለም። ማንኛውም ችግኝ ከውጭ ሲገባ አስቀድሞ የግብርና ባለሥልጣን ፈቃድና ከመጣበት አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህ ሰውን ለማጉላላት የተደረገ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ማላዊ ውስጥ የታየ የጥድ ክሽክሽ በጥቂት ዓመታት ኬንያ ድረስ ተዛምቶ የፈረንጅ ጥዱንም የአገሩን ጥድም አድርቋል። ለዓይን የማይሞላ ነፍሳት ለአንዲት ልጅ ደስታ ተብሎ በመጣ ችግኝ ሥር ተደብቆ ሊገባ ይችላል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ አይደለምን?

ታዲያ ልጅቷ ምኞቷ ይቅርባት ማለት ነው? አይደለም። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ጫፉ ወርቅማ ቢጫ የሆነ፣ ቱያ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። የመጣው ከወደ ቻይና ቢሆንም የከተማችንን አየር ይስማማል። ዘለቄታ ያለው ዛፍ ለሚፈልግ ደግሞ የራሳችን የሐበሻ ጥድ አለ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ይነገራል። የሐበሻ ጥድ እድገቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ለብዙ ዓመት በዕቃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

በጠባብ ግቢ እነዚህን ለማሳደግ የሚከተሉትን አስታውሱ።

በመጀመሪያ፣ ዕቃው ውድ መሆን የለበትም። ከምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ የቀለም ወይም የዘይት ቆርቆሮ በሚገባ ታጥቦ፣ ሥሩ በምስማር አራት አምስት ቦታ ቢበሳ ይበቃል። ቀዳዳው እንዳይደፈን ከታች ጠጠር፣ ከላይ ደግሞ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት አሸዋ አደባልቃችሁ ሙሉት።

ሁለተኛ፣ ችግኙን ከዳስ ጥላ ሥር ገዝታችሁ ያንኑ ዕለት ፀሐይና ብርድ ላይ አታውጡት። ለሁለት ሳምንት ያህል ቀን ጥቂት ሰዓት እያወጣችሁ፣ ማታ ከጣራ ክፈፍ ሥር እየመለሳችሁ አለማምዱት። ሕፃን ገላውን ታጥቦ ወዲያው ደጅ እንደማይወጣ ሁሉ ችግኝም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ተጠንቀቁ፤ ውርጭ የሚወርደው እንደዚህ ባለ ሌሊት ነው። መሬት ውስጥ ያለ ሥር አፈሩ ያሞቀዋል፤ በቆርቆሮ ውስጥ ያለው ግን ከአራቱም ወገን ይበርደዋል። ስለዚህ ቆርቆሮውን በጡብ ላይ አስቀምጡት፤ ዙሪያውን በጆንያ ጠቅልሉት። ላዩን በአሮጌ ነጠላ ሸፍኑትና ጠዋት ግለጡት። ፕላስቲክ ግን ቅጠሉን እንዳይነካ።

አራተኛ፣ ውኃ በልክ ይሁን። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሰዳችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ ጠዋት አጠጡት። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ችግኜን የገደልኩት በፍቅር ነው፤ ጠዋት ማታ ሳጠጣው ሥሩ በሰበሰ።

አንድ ነገር ልጨምር። ገና በደረሰ ቁጥር ከጥድ ዛፎች ላይ እየተቆረጠ የሚመጣው ቅርንጫፍ ሳምንት ሳይሞላው ደርቆ ይጣላል። በቆርቆሮ የተተከለው ግን ለበዓሉ ቤት ገብቶ ያጌጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ደጁ ይመለሳል፤ በዓመቱም ትንሽ አድጎ ይጠብቃችኋል።

ይህን ሁሉ ለእኅታችን ባጫወትኳቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ለልጅቷ ምን ልበላት?» አሉ። እኔም ለራሷ እንድንነግራት ሐሳብ አቀረብኩ። ልጅቷ በጥሞና ካዳመጠች በኋላ፣ «እንቅልፍ ከሌለው ያሳዝናል፤ እዚያው ይተኛ» አለች። የእቁቡ ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ልብስ ዋለ። ፎቶግራፉም ከአልጋው ራስጌ አልወረደም። ከበሩ አጠገብ ግን በቀለም ቆርቆሮ የተተከለች አንዲት የሐበሻ ጥድ ቆማለች። ለአክስትየዋም ፎቶግራፏ ተልኮላታል።

እናንተም በደጃችሁ ምን እንደተከላችሁ ጻፉልን።